ሜትሮ፣ የድንጋይ ከሰልና የፖቶማክ ወንዝ፦ በዋሽንግተን አካባቢ የውኃ ሙግት ለምን በውኃ ብቻ አያበቃም?

በ2026 ጃንዋሪ 19 ከሰሜን ቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ፍሳሽ ሰብስቦ ወደ ዋሽንግተን የሚያወርደው ትልቅ መስመር፣ ፖቶማክ ኢንተርሴፕተር፣ በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ተደረመሰ። ቱቦው የ72 ኢንች ስፋት አለው፤ ሰው ቆሞ ሊሄድበት ይችላል ማለት ነው። የተቀበረው በ1960ዎቹ ነበር። ፍሳሹን በፓምፕ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማሳለፍ እስኪቻል ድረስ ከ200 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ያልተጣራ ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ገባ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሦስት ጥያቄዎች ተቀላቅለው ይነሳሉ፦ የቧንቧችን ውኃ ተበክሏል ወይ? የውኃ ሂሳብ በየዓመቱ እየጨመረ ገንዘቡ የት ይገባል? የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶችስ ስለ ወንዝ ጀምረው ስለ ሜትሮ (የዋሽንግተን አካባቢ የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅት) በጀትና ስለ ኃይል ማመንጫ የሚከራከሩት ለምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ አጀንዳ መብዛት ይታያል። ነገሩ ግን ከኬሚስትሪና ከሕግ የመነጨ ነው። ብክለቱ በቱቦ፣ በመሬትና በአየር ይመጣል፤ ሕጉ አጥብቆ የሚይዘው በቱቦ የሚመጣውን ብቻ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቧንቧ ውኃና የወንዝ ውኃ

የዲሲና የአርሊንግተን የመጠጥ ውኃ የሚመጣው ከፖቶማክ ነው። የሚያጣራው ዋሽንግተን አኩዌደክት የተባለው፣ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል የሚተዳደር ተቋም ሲሆን ውኃውን የሚቀዳው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከግሬት ፎልስና ከዚያ ወረድ ብሎ ካለው ከሊትል ፎልስ። ቱቦው የተደረመሰው ከግሬት ፎልስ በታች ስለሆነ ከላይኛው ቦታ የሚቀዳው ውኃ በፍሳሹ አልተነካም። የዲሲ አሮጌ የፍሳሽ መውጫዎችም ከሁለቱም መቅጃዎች በታች ናቸው። ስለዚህ ወንዙ መሃል ከተማ ላይ ቆሸሸ ማለት ቧንቧው ቆሸሸ ማለት አይደለም።

ይህ ግን የሙሉ ደኅንነት ዋስትና ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በ2024 ጁላይ 3 ሌሊት የዲሲና የአርሊንግተን ነዋሪዎች ውኃ አፍልተው እንዲጠጡ ታዘዙ። ምክንያቱ የቱቦ አደጋ አልነበረም። በማጠራቀሚያው ውስጥ የበዛው አልጌ፣ ማለትም ውኃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ዋቅላሚ፣ የማጣሪያውን ሥራ አስተጓጎለና ውኃው ከተፈቀደው በላይ ደፈረሰ። ትእዛዙ በማግሥቱ ቢነሳም፣ አልጌ ሲበዛ ጉዳቱ እስከ ቧንቧ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። አልጌን ደግሞ የሚመግበው ማዳበሪያ ነው።

አንድ ቱቦ፣ ሁለት ውኃ

ከዲሲ ሲሶ በሚሆነው ክፍል፣ በተለይ በአሮጌው የከተማ መሃል፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የዝናብ ጎርፍ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ደረቅ በሆነ ቀን ችግር የለም፤ ሁሉም ብሉ ፕሌይንስ ወደተባለው ማጣሪያ ጣቢያ ይገባል። ጣቢያው በቀን በአማካይ 384 ሚሊዮን ጋሎን የማጣራት አቅም አለው፤ በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ነው ይባላል። ከዲሲ ሌላ ከሞንጎመሪ፣ ከፕሪንስ ጆርጅስ፣ ከፌርፋክስና ከላውደን ካውንቲዎች የሚመጣ ፍሳሽም ይቀበላል።

ዝናብ ሲመጣ ግን ቱቦው ይሞላል። ሞልቶ ወደ ሰው ምድር ቤት ከሚመለስ ይልቅ፣ የጥንቱ መሐንዲሶች ትርፉ በቀጥታ ወደ ወንዝ እንዲወጣ አድርገው ሠርተውታል። በአናኮስቲያና በፖቶማክ ዳርቻ ቁጥር የተጻፈባቸው ምልክቶች የቆሙት በእነዚህ መውጫዎች ላይ ነው። ከምልክቶቹ አንዳንዶቹ መብራት አላቸው። ቀይ ከበራ ፍሳሽ በዚያች ሰዓት እየወጣ ነው፤ ቢጫ ከበራ ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ወጥቷል። ልጆች ይዞ ወንዝ ዳር የሚሄድ ሰው ይህን መብራት ማንበብ ማወቅ አለበት።

የጎርፉን መጠን ለመረዳት ስሌቱ ቀላል ነው። 1,000 ስኩዌር ፊት በሆነ ጣሪያ ወይም አስፋልት ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲዘንብ 623 ጋሎን፣ ወደ 2,360 ሊትር ውኃ ይወርዳል። 20,000 ስኩዌር ፊት የመኪና ማቆሚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን በአንድ እንዲህ ያለ ዝናብ ከ12,000 ጋሎን በላይ ወደ ቱቦ ይልካል። ሣር ቢሆን ኖሮ አብዛኛው መሬት ውስጥ በሰረገ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው በክስ ነው። በ1989 የተመሠረተው አናኮስቲያ ወተርሼድ ሶሳይቲ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2000 የዲሲን የውኃ ድርጅት ፍርድ ቤት አቆመ። የፌዴራል መንግሥትም ገባበትና በ2005 በፍርድ ቤት የጸደቀ የስምምነት ውሳኔ ላይ ተደረሰ። ውሳኔው ድርጅቱ ከከተማው በታች ግዙፍ ዋሻዎች ቆፍሮ ጎርፉን እንዲያጠራቅም፣ ዝናቡ ሲያባራም ወደ ማጣሪያ እንዲልከው ያስገድዳል። የአናኮስቲያ ዋሻ የውስጥ ስፋቱ 23 ጫማ ነው። የተቆፈረው ከመሬት በታች ከ100 ጫማ በላይ ጠልቆ ሲሆን በ2018 ሥራ ጀመረ፤ የሰሜን ምሥራቁ ቀጣይ በ2023 ተጨመረ። ወደ አናኮስቲያ ይወጣ የነበረውን ፍሳሽ በ98 በመቶ ለመቀነስ የታቀደ ነው። የፖቶማኩ ዋሻ በ2030 ማለቅ አለበት።

ወጪው ከሁለት ቢሊዮን ዶላር ተኩል ይበልጣል፤ የሚከፈለውም ከውኃ ሂሳብ ነው። በዲሲ ደረሰኝ ላይ ውኃ ስለማያሰርግ መሬት የሚል ራሱን የቻለ ክፍያ አለ። የሚሰላው በተጠቀሙት ውኃ ሳይሆን በ1,000 ስኩዌር ፊት በሚለካ ጣሪያና አስፋልት ነው። ከ700 እስከ 2,000 ስኩዌር ፊት ያለው መኖሪያ ቤት የአንድ መለኪያ ይከፍላል፤ ከላይ የጠቀስነው ቤተ ክርስቲያን ግን የሃያ። ቤተ ክርስቲያናትና የመቃብር ቦታዎች ስሞታ ያሰሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከተማውም ለበጎ አድራጎት ተቋማት የእፎይታ መርሐ ግብር ለማውጣት ተገዷል። በእኛ አመለካከት የክፍያው መሠረት ትክክል ነው፤ ጎርፉን የሚያመጣው መሬቱ እንጂ የተጠጣው ውኃ አይደለምና። ችግሩ በዕቅዱ ያልነበሩ፣ ገቢያቸው ምጽዋት የሆነ ተቋማት ላይ ክፍያው በድንገት መውደቁ ነው።

ከዋሻ ይልቅ ዛፍ፣ የዝናብ ውኃ የሚያሰርግ የአትክልት ቦታና ውኃ የሚያሳልፍ ንጣፍ ይሻላል የሚል ክርክርም ነበር። ይህ መንገድ ሰፈር ያቀዘቅዛል፣ ለነዋሪም ሥራ ይፈጥራል፤ ነገር ግን በየጊዜው ካልተጠረገ ደለል ይደፍነዋል፣ ከባድ ዝናብንም ብቻውን አይችልም። በ2016 ውሳኔው ተሻሽሎ በከፊል ሲፈቀድ የጊዜ ገደቡም አብሮ ተገፋ። ዋሻው ውድ ነው፤ የሚይዘው መጠን ግን አስቀድሞ ይታወቃል።

ባሕረ ሰላጤው ለምን ይታፈናል?

ፖቶማክ የሚገባው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ወደ ቼሳፒክ የሚፈሰው ውኃ ከስድስት ክፍለ ግዛቶችና ከዲሲ ይሰበሰባል፦ ከኒውዮርክ፣ ከፔንሲልቬንያ፣ ከደላዌር፣ ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዌስት ቨርጂኒያ። ተፋሰሱ 64,000 ስኩዌር ማይል ይሸፍናል፤ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል። ባሕረ ሰላጤው ራሱ ግን ጥልቀቱ በአማካይ 21 ጫማ ብቻ ነው። ሰፊ መሬት የሚያወርደውን ጥልቀት የሌለው ገንዳ ይቀበለዋል።

ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለሰብል ምግብ እንደሆኑ ሁሉ ለአልጌም ምግብ ናቸው። በጸደይ ዝናብ ታጥበው ሲገቡ አልጌው ይፈላል፣ ብርሃንም ከልክሎ ከታች ያለውን የባሕር ሣር ይገድላል። ሲሞት ወደ ታች ይሰጥማል፤ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በበጋ የላይኛው ውኃ ሞቃትና ቀላል ስለሆነ ከታችኛው ጋር አይቀላቀልም፤ ከላይ አዲስ አየር አይወርድለትም። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ2 ሚሊግራም በታች ሲሆን ቦታው የሞተ ቀጠና ይባላል። ዓሣው መሸሽ ይችል ይሆናል፤ ታች ተጣብቆ የሚኖረው ኦይስተር ግን የትም አይሄድም። ኦይስተር ባለ ዛጎል እንስሳ ነው፤ አንድ ያደገ ኦይስተር በምቹ ሁኔታ በቀን እስከ 50 ጋሎን ውኃ ያጣራል። ሲሞት ባሕሩ ማጣሪያውንም ያጣል።

በአየር የሚመጣው

ወደ ቼሳፒክ ከሚገባው ናይትሮጅን ሲሶ ያህሉ መነሻው አየር ነው። በመኪና ሞተርና በከሰል ምድጃ ውስጥ ሙቀቱ እጅግ ሲበዛ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናሉ። ጋዙ በሰማይ ላይ ወደ ናይትሬት ይለወጥና ከዝናብ ጋር ይወርዳል። ናይትሬት ደግሞ ገበሬው በማዳበሪያ መልክ ከሚበትነው ጋር አንድ ነው። ከእርሻና ከከብት እርባታ የሚተንነው አሞኒያም በዚሁ መንገድ ይመለሳል። ይህ አየር የሚሰበሰብበት ክልል 570,000 ስኩዌር ማይል ነው፤ የውኃውን ተፋሰስ ዘጠኝ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

የውኃ ተሟጋቾች ወደ ኃይልና ወደ ትራንስፖርት የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ሜሪላንድ በ2006 ያወጣችው የጤናማ አየር ሕግ የከሰል ማመንጫዎችን ልቀት አስቀነሰ። በአሌክሳንድሪያ ከፖቶማክ ዳር ቆሞ የነበረው፣ በ1949 ሥራ የጀመረው የከሰል ማመንጫ ነዋሪዎች ለዓመታት ከተሟገቱት በኋላ በ2012 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ የሜሪላንድ ማመንጫዎችም ተራ በተራ ከሰል ማንደድ አቁመዋል።

አሁን ግን ነፋሱ ተገላብጧል። ባልቲሞር አጠገብ ያለው ብራንደን ሾርስ የተባለው የከሰል ማመንጫ በ2025 ሊዘጋ ታቅዶ ሳለ፣ ምትክ የኤሌክትሪክ መስመር ስላልተሠራ እስከ 2029 እንዲቆይ ተደርጓል። በላውደን ካውንቲ የተከማቹት የዳታ ማዕከላት ደግሞ፣ ማለትም የኢንተርኔት መረጃ የሚያከማቹና የሚያቀነባብሩ ግዙፍ የኮምፒውተር መጋዘኖች፣ የኃይል ፍላጎቱን በፍጥነት እያናሩት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የናፍጣ ጄኔሬተሮችም በሰሜን ቨርጂኒያ ፈቃድ አግኝተዋል። ማዕከላቱን የሚደግፉ ወገኖች ለካውንቲው የሚገባውን ግብር ያነሳሉ፤ የትምህርት ቤቶችን በጀት የሚደጉም ነውና ክርክሩ ባዶ አይደለም። ከባሕር ዳር በኩል በቨርጂኒያ ቢች ፊት ለፊት 27 ማይል ርቀት ላይ የሚተከሉት 176 የነፋስ ተርባይኖች 2.6 ጊጋ ዋት እንዲያመነጩ ታስበዋል። እዚያም ቢሆን በምሰሶ ተከላው ድምፅ ዓሣ ነባሪዎች እንዳይረበሹ የሚለው ጥያቄ የባሕር ተሟጋቾችን ለሁለት ከፍሏል።

በትራንስፖርት በኩል ዋናው ነገር የሜትሮ ገንዘብ ነው። እስከ 2018 ድረስ ሜትሮ ለጥገናና ለግንባታ የተለየ ቋሚ ገቢ አልነበረውም፤ በየዓመቱ ሦስቱን መንግሥታት ይለምን ነበር። በዚያ ዓመት ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአንድነት በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ሕግ አወጡ፤ የዲሲ ድርሻ 178.5፣ የሜሪላንድ 167፣ የቨርጂኒያ 154 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህ ገንዘብ ለዕቃና ለጥገና እንጂ ለሹፌር ደመወዝና ለዕለት ሥራ አይደለም። ሜትሮ በየጊዜው የበጀት ጉድለት አለብኝ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ኪስ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት በሕዝብ ንግግር ውስጥ ትልቁ የመደናገሪያ ምንጭ ነው።

ፐርፕል ላይን የሚባለው ቀላል ባቡር ሌላ ነገር ያሳያል። ግንባታው ሲያልቅ ከቤተዝዳ በሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ እስከ ኒው ካሮልተን 16.2 ማይል ይሄዳል፤ 21 ጣቢያዎች ይኖሩታል። በሲልቨር ስፕሪንግና በላንግሊ ፓርክ ለሚኖር፣ መኪና ለሌለው ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በመስመሩ ላይ ያለው የእግር መንገድ ዛፎቹን የሚያጣ መሆኑን የተቃወሙ ነዋሪዎች በ2014 ከሰሱ። በ2016 ዳኛው የፌዴራሉን ፈቃድ ሻሩት፤ በ2017 ይግባኝ ሰሚው መለሰው። ሁለቱም ወገኖች ስለ አካባቢ ጥበቃ ነበር የሚናገሩት። አንዱ የቆመውን ዛፍ ይቆጥራል፣ ሌላው ሳይነዳ የሚቀረውን መኪና። ፍርድ ቤት ለዓመታት የቆየበት ጊዜ ግን ለሁለቱም ወጪ ሆኗል።

ክስ የሚደርስበትና የማይደርስበት

በ1972 የወጣው የንጹሕ ውኃ ሕግ ለማንኛውም ዜጋ አንድ ትልቅ ሥልጣን ይሰጣል። ፈቃዱን የጣሰ በካይን፣ ከ60 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ በመስጠት፣ መክሰስ ይችላል። በዚህ መንገድ የተገኘው ድል ትንሽ አይደለም። በ2006 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በአናኮስቲያ ጉዳይ ሕጉ የሚፈቀደው ብክለት የቀን መጠን ሲል የቀን ማለት እንጂ የዓመት ማለት አይደለም ብሎ ወሰነ። በ1967 የተመሠረተው ቼሳፒክ ቤይ ፋውንዴሽን የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሰሰና በ2010 በስምምነት ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ለመላው ባሕረ ሰላጤ የብክለት ጣሪያ ወጣ፦ በዓመት 185.9 ሚሊዮን ፓውንድ ናይትሮጅን፣ 12.5 ሚሊዮን ፓውንድ ፎስፎረስ። የገበሬዎች ማኅበር ፌዴሬሽን የፌዴራል መንግሥት በክፍለ ግዛቶች የመሬት አጠቃቀም ገባ ብሎ ተከራከረ፤ 21 ክፍለ ግዛቶችም ደገፉት። በ2015 ተረታ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2016 ጉዳዩን አልቀበልም አለ።

ማጣሪያ ጣቢያዎቹ ለ2025 የተሰጣቸውን ግብ በ2016 አሟሉ፤ አሥር ዓመት ሊሞላ ሲል ቀድመው ማለት ነው። በአጠቃላይ ግን የናይትሮጅኑ ግብ በ2025 አልተሳካም። በ2025 መጨረሻ የተሻሻለው ስምምነት ቀኑን ወደ 2040 ገፋው።

ልዩነቱ የመጣው ከባለቤትነት ነው። ቱቦ ባለቤትና የፈቃድ ቁጥር አለው። የእርሻ ጎርፍን ግን ሕጉ ራሱ ነፃ አድርጎታል። ፔንሲልቬንያ በቼሳፒክ ላይ አንድ ክንድ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ሆኖም ከጨው አልባው ውኃ ግማሹን የሚያመጣው ሰስክዌሃና ወንዝ እርሻዎቿን አቋርጦ ይመጣል። በፔንሲልቬንያ የላንካስተር ገበሬ በወንዙ ዳር ዛፍ ሲተክል መሬት ያጣል፤ ጥቅሙን የሚያገኘው የሜሪላንድ ሸርጣን አጥማጅ ነው። ይህን የሚያስታርቀው ገንዘብ እንጂ ክስ አይደለም። ሜሪላንድ ከአብዛኞቹ ቤቶች በወር 5 ዶላር የምትሰበስበው የባሕረ ሰላጤ መልሶ ማቋቋሚያ ክፍያ ከማጣሪያዎች አልፎ ክረምት ላይ መሬት ለሚሸፍን ሰብልም ይውላል።

ማድ ቤትና ጓሮ

ባለቤት የሌለው ብክለት ከትንንሽ እጆች የሚወጣ ስለሆነ እዚህ ላይ ዝርዝሩ ይጠቅማል። ምግብ ቤት ለሚያስተዳድር ሰው አንደኛው ነገር ስብ ነው። ቀይ ወጥ የተሠራበት ድስት ላይ የቀረው ቅቤ በሙቅ ውኃና በሳሙና ቢወርድም ጠፋ ማለት አይደለም፤ መንገድ ላይ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ከሲሚንቶ ቱቦ ካልሲየም ጋር ሲገናኝ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ቱቦ ተደፍኖ ፍሳሽ በጉድጓድ ክዳን የሚገነፍለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ፤ ከማጠቢያው ሥር ያለው የስብ መያዣ ሳጥን ደግሞ ስቡና ዝቃጩ ከጥልቀቱ ሩብ ሲደርስ ይጽዳ። ከሩብ ካለፈ ሳጥኑ ስብ አይይዝም፤ ያሳልፋል።

ግቢ ላለው፦ በሜሪላንድ ሕግ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ሣር ላይ ማዳበሪያ መበተን ክልክል ነው። በአንድ ጊዜ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ0.9 ፓውንድ ናይትሮጅን አይበልጥም፤ ፎስፎረስ ያለ አፈር ምርመራ አይፈቀድም፤ ከባድ ዝናብ ሲጠበቅም አይበተንም። በክረምት ለበረዶ የሚበተነው ጨው ከዚህ ይከፋል፤ ተራ ማጣሪያ ጨው አያወጣም። አንድ የቡና ማግ ሙሉ ለአሥር የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይበቃል፤ ቅዝቃዜው ከ15 ፋራናይት በታች ከሆነ ደግሞ ጨው ሥራውን ስለሚያቆም አሸዋ ይሻላል።

ሱቅ ላለው የፌስታል ሕግ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ዲሲ ከ2010 ጀምሮ 5 ሳንቲም ታስከፍላለች፤ ሱቁ 1 ሳንቲም ያስቀራል፣ ቀሪው ለአናኮስቲያ ማጽጃ ይውላል። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ከ2022 ጀምሮ 5 ሳንቲም ያስከፍላሉ። ፕሪንስ ጆርጅስ በ2024፣ ሞንጎመሪ በ2026 መጀመሪያ ላይ ዕቃ መያዣ ፌስታልን አግደው ለወረቀት ከረጢት 10 ሳንቲም እንዲከፈል አድርገዋል።

ድምፅ የሚሰማበት ቦታ

የፍሳሽ ፈቃድ ቢበዛ ለአምስት ዓመት ነው የሚሰጠው። ሲታደስ ረቂቁ ወጥቶ ቢያንስ 30 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆናል፤ ፈቃድ ሰጪው ቁም ነገር ላለው አስተያየት በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሜትሮ በጀት በክረምት ቀርቦ በጸደይ ይጸድቃል፣ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ይውላል፤ በመሃል የሕዝብ ስብሰባ ይደረጋል። ወንዙ ሸቷል ብሎ የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ አይራመድም። የመውጫው ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ዝናብ ከቆመ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ ቀዩ መብራት በርቶ እንደነበረና ፎቶው የተያያዘበት ደብዳቤ ግን ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል፤ ነገ ክስ ቢመጣም ማስረጃ ሆኖ ይወጣል።